የምሰሶው ግለ ሂስ

ቦንጋ ውስጥ ቡና የሚነግድ፣ የሚጭን ወይም የሚለቅም ሰው ሁሉ የትርንጎን ድንጋይ ያውቃል። ከጎጀብ ወንዝ የወጣ ጥቁር ድቡልቡል ድንጋይ ነው፤ ሃያ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም ይመዝናል። ትርንጎ ጠዋት የቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየኑን መጋዘን ከፍታ ስትገባ፣ ከማንም አንድ ጆንያ ከመቀበሏ በፊት፣ ድንጋዩን አንስታ ባስኩላው ላይ ታስቀምጠዋለች። ሚዛኑ ሃያ አንድ ከሁለት መቶ ካለ ሥራ ይጀመራል። ሃያ አንድ ከስድስት መቶ ካለ ግን ውጭ አሥር መኪና ተሰልፎ ጥሩምባውን ቢያንባርቅ፣ ባስኩላው እስኪስተካከል አንዲት ጆንያ ንቅንቅ አትልም። ድንጋዩን «ምስክር» ትለዋለች።

ሰው ትንቃለች የሚሏት አሉ። አንድ ጊዜ ከመሀል አገር የመጣ ነጋዴ መኪናው ቆሞበት ቢቸኩል፣ «እንዴ እትዬ፣ ድንጋይ አምነው እኔን አያምኑኝም?» አላት።

«ድንጋዩ ዘመድ የለውም» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው።

ነገሩ ግን ንቀት አልነበረም። ትርንጎ ዋጫ አጠገብ ተወልዳ፣ ደርግ በወደቀ በሦስተኛው ዓመት ቦንጋ ስትገባ የሃያ ዓመት ልጅ ነበረች። መጀመሪያ መሬት ላይ ተቀምጣ የተበላሸውን ፍሬ ከደህናው የምትለይ የቀን ሠራተኛ ሆነች፤ ከዚያ ጆንያ ቆጣሪ። ቆጣሪ ሳለች የዚያን ጊዜው የመጋዘን ኃላፊ ባስኩላውን በጫማው ጫፍ እየደገፈ ከገበሬው ቡና ሲሸርፍ በዓይኗ አየች። ከገበሬዎቹ አንዱ የገዛ አባቷ ነበሩ። አባቷ ያን ዕለት ምንም አላሉም፤ ባዶ ጆንያቸውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘው ወጡ። ትርንጎም ምንም አላለች፤ ዝም በማለቷ ግን እስከ ዛሬ ራሷን ይቅር አላለችም። በ1999 ዓ.ም. ራሷ የመጋዘን ኃላፊ ተብላ ስትሾም መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ጎጀብ ወርዳ ድንጋይ መምረጥ ነው።

ባሏ መምህር ነበር፤ ቢታ ገነት ተዛውሮ ሲያስተምር በሦስት ቀን ሕመም ሞተባት። ሁለት ሴት ልጆቿን በዚያችው ደመወዝ አሳደገች። የመጋዘኑ ቁልፍ በጥቁር ክር ታስሮ አንገቷ ላይ ይውላል። ቤተ ክርስቲያንም ስትሄድ፣ ለቅሶም ስትደርስ አታወልቀውም። ልጆቿ «እማዬ በቁልፍ ነው የተጠመቀችው» እያሉ ይቀልዱባታል።

በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ወር ላይ ኢያሱ የሚባል ወጣት መሐንዲስ ሦስት ካርቶን ዕቃ ይዞ ከአዲስ አበባ መጣ። የውጭ ገዢዎች የጫካ ቡና በጫካ ቡናነቱ፣ የጓሮ ቡና በጓሮ ቡናነቱ ይምጣልን፣ አንዱ ጆንያ ከሌላው እንዳይቀላቀል ማረጋገጫ አሳዩን ብለው ነበር። ማረጋገጫው ኢያሱ ያመጣው መሣሪያ ነው።

ክፋት የለበትም፤ እንዲያውም ብልህ ነገር ነው። ከየክምሩ በተመረጡ ጆንያዎች አንገት ላይ የክብሪት ሳጥን የምታህል ነጭ ሴንሰር ትታሰራለች። ሴንሰሯ የቡናውን እርጥበት ትለካለች፤ የለካችውንም ያለ ገመድ፣ በሬዲዮ ትናገራለች። በመጋዘኑ አራት ማዕዘን የተሰቀሉ አራት መቀበያዎች ይሰሟታል። ድምፅዋ ጠንክሮ የደረሰው መቀበያ ቅርቤ ናት ይላል፤ ደክሞ የደረሰው ሩቄ ናት ይላል። ኮምፒውተሩ የአራቱን ቃል አገናዝቦ ጆንያዋ የቆመችበትን ቦታ በካርታ ላይ በነጥብ ያሳያል። በየስልካችን ያለው የሳተላይት ካርታ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሲገባ ግራ ስለሚጋባ፣ ለመጋዘን እንዲህ ያለው ነው የሚሻለው።

ትርንጎ ክንዷን አጣምራ ስታየው ቆየች። መጋዘኑ ያን ጊዜ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ባዶ ነበር። ያለፈው ዓመት ቡና ወጥቶ አልቋል፤ አዲሱ ገና ዛፍ ላይ አረንጓዴ ነው። ኢያሱ ሴንሰሯን ይዞ ከጥግ ጥግ እየተራመደ ይለካል፤ ይጽፋል።

«አንተ ልጅ፣ ቡና ሲገባ አትለካውም?» አለችው።

«እትዬ ትርንጎ፣ ሰኔ ሠላሳ በጀት ይዘጋል» አላት እየሳቀ።

በዚህ አገር ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ሰኔን ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ያንቀላፋ ብር ሰኔ ላይ ባንኖ ይነሳል። ወንበሩም፣ አጥሩም፣ ሥልጠናውም በአንድ ወር ካላለቀ ገንዘቡ ተመላሽ ነው። ስለዚህ የቡና መሣሪያ ቡና በሌለበት መጋዘን ተለካ፤ ስህተቱም ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም ተብሎ ተጻፈ፤ ሥራ አስኪያጁ አቶ ሀብተሥላሴ ፈረሙ፤ ተጨበጨበ። ትርንጎ አላጨበጨበችም።

ኅዳር ላይ ቡና መግባት ጀመረ። በመጋዘኑ መካከል በተቀባው ቢጫ መስመር በስተቀኝ የቢታ የጫካ ቡና፣ በስተግራ ከዋጫ አካባቢ የመጣው የጓሮ ቡና ተደረደረ። እስከ ታኅሣሥ መጀመሪያ መሣሪያው ደህና ሠራ። ከዚያ አንድ ዓርብ ከሰዓት ሁለት መኪና ሙሉ ቡና ከቢታ ገነት ገባ። መንገድ ላይ ዝናብ ስላገኘው ትርንጎ እርጥበቱ ከፍ ማለቱን መዝግባ፣ ከሌላው ለይታ፣ በቀኙ ግድግዳ ጥግ ጥጉን እስከ ጣሪያው አፋፍ አስደረደረችው።

ሰኞ ጠዋት አቶ ሀብተሥላሴ ቢሯቸው ሆነው ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ ከዓርብ በፊት የገቡ አሥራ አንድ የጫካ ቡና ነጥቦች ቢጫውን መስመር ተሻግረው የጓሮ ቡናው መሃል ተቀምጠዋል። ሮጠው መጋዘን መጡ። አሥራ አንዱም ጆንያ በስተቀኝ፣ በየቦታው አለ።

«መልሰዋቸዋል ማለት ነው» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ማን?»

«ቁልፍ የያዘ ሰው ነዋ!» ለማስረጃ ካርታውን አትመው ኮምፒውተሩን ዘጉት፤ ነጥቦቹ ተመልሰው እንደሆነ ዳግም ያየ የለም።

ጊዜው ክፉ ነበር። ታኅሣሥ 2009 ማለት ጥልቅ ተሃድሶ የሚባለው ግምገማ በየመሥሪያ ቤቱ የሚካሄድበት ወር ነው። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከውስጡ ኪራይ ሰብሳቢ አውጥቶ እንዲያሳይ ይጠበቅበታል። ያላገኘ መሥሪያ ቤት አልታደሰም ይባላል። አቶ ሀብተሥላሴ ክፉ ሰው ናቸው አልልም፤ ፈሪ ናቸው። በዚያ ወር ደግሞ ፈሪ ከክፉ ይብስ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ሠላሳ ሁለት ሠራተኛ አዳራሽ ተቀምጦ ስለ ሻይ ሰዓት መርዘምና ስለ ፊርማ መዘግየት ሲገማገም ዋለ። በሦስተኛው ቀን ነገሩ ትርንጎ ላይ አረፈ። ኢያሱም መሣሪያውን እንዲያስረዳ ከአዲስ አበባ ተጠርቶ ነበር።

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ መረጃው ግልጽ ነው» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «ግለ ሂስዎን ያድርጉና ቁልፉን ያስረክቡ። ጠንከር ያለ ግለ ሂስ ካደረጉ በማስጠንቀቂያ እናልፈዋለን።»

«ካላደረግሁስ?»

«ካላደረጉማ ጉዳዩ ወደ ሕግ ይሄዳል።»

ትርንጎ ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ግቢ ስትሠራ አንድ ፍሬ ቡና በኪሷ ይዛ አልወጣችም፤ ልጆቿ ቤት የሚጠጡትን እንኳ ከገበያ ነው የምትገዛው። አሁን ሰው ሁሉ ያያታል። ግማሹ አዝኖ ያያታል፤ ግማሹ ደግሞ እሷ ላይ በማረፉ ተመስገን የሚል ይመስላል። ቁልፉን ዛሬ አውልቃ ከሰጠች ነገ ገበያ ውስጥ ስሟ ሌባ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ እነሱም ያውቃሉ። አባቷ አጣጥፈው የያዟት ባዶ ጆንያ ትዝ አለቻት።

ተነሣች። ስትናደድ አማርኛዋ ያጥራል።

«አላደርግም።»

«ምን አሉ?»

«ግለ ሂስ አላደርግም። ቁልፍም አልሰጥም። የሚወስድ ካለ ይምጣ፣ ከአንገቴ ይበጥስ።»

ማንም አልተነሣም። ትርንጎ ወደ ኢያሱ ዞረች።

«ልጄ፣ አንተ ምን ትላለህ? መሣሪያህ ይሳሳታል?»

ኢያሱ ዓይኑን ሰበረ። «ይሳሳታል፤ ግን ከአንድ ሜትር ተኩል አይበልጥም። ይሄኛው ሰባት ሜትር ነው። እንደዚህ ሊሳሳት አይችልም።»

«እሺ። ድንጋይ አለው?»

«ምን ድንጋይ?»

«እኔ ባስኩላዬን ጠዋት ጠዋት በምስክር እጠይቀዋለሁ። ክብደቱን በማውቀው ነገር። ያንተን መሣሪያ ጠዋት ጠዋት እውነት መናገሩን የሚጠይቀው ማነው?»

በስድስት ወር ውስጥ ይህን ማንም አልጠየቀውም ነበር፤ አለቆቹም፣ አቶ ሀብተሥላሴም፣ እሱ ራሱም።

«ግለ ሂስ የሚሰማ መጋዘን ይምጣ» አለችና ትርንጎ ወጣች።

ግምገማ ተረግጦ አይወጣም። ግን ሠራተኛው ሁሉ ተከተላት። አቶ ሀብተሥላሴም «ስብሰባው አልተዘጋም! ስብሰባው አልተዘጋም!» እያሉ ከኋላ ኋላ መጡ።

መጋዘኑን በአንገቷ ቁልፍ ከፈተችው። በስተቀኝ፣ ከጫካ ቡናው ክምር ፊት ለፊት፣ ጣሪያውን የሚደግፍ ወፍራም የሲሚንቶ ምሰሶ አለ። ትርንጎ እጇን ለኢያሱ ዘረጋችለት።

«ትርፍ ሴንሰር አለህ?»

ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። ሴንሰሯን በጆንያ መስፊያ ሲባጎ ምሰሶው ላይ ሦስት ዙር አስራ ቋጠረቻት።

«ሁላችሁም ታያላችሁ። ይሄ ምሰሶ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ!» አለ ተድላ፣ የጫኝና አውራጆቹ አለቃ፤ ድምፁ ጣሪያውን ነካው።

«አቶ ሀብተሥላሴ፣ በየት በኩል ነው?»

«በቀኝ ነው እንግዲህ» አሉ እየተበሳጩ።

«ልጄ፣ ኮምፒውተርህ ምን ይላል?»

ኢያሱ ላፕቶፑን አንድ ጆንያ ላይ አስቀምጦ ጠበቀ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ፊቱ ተለወጠ።

«ተናገር እንጂ!» አለችው ትርንጎ።

«በግራ ነው የሚለው» አለ ኢያሱ። «ስድስት ሜትር ወደ ግራ። ቢጫውን መስመር አልፎ፣ የዋጫው ቡና መሃል።»

ትርንጎ ምሰሶውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

«ይኸውላችሁ ሌባው! ስንፈልገው የከረምነው ኪራይ ሰብሳቢ! መስመር ተሻግሮ የዋጫን ቡና ሲቀላቅል እጅ ከፍንጅ ተያዘ። አቶ ሀብተሥላሴ፣ ግለ ሂስ ይጠይቁታ! ጠንከር ያለ ካደረገ በማስጠንቀቂያ ይለፉት!»

ተድላ ነው ሳቁ ያመለጠው። ከዚያ ለቃሚዎቹ ሴቶች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ተንፈቀፈቁ፤ ከዚያ ሁሉም። ሁለት ቀን ሙሉ ተጨንቆ የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሚስቅ ያየ ያውቀዋል። ትርንጎ ግን አልሳቀችም።

«አጋጣሚ ሊሆን ይችላል!» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«ይችላል» አለች። «ነጥቦቹ የተሻገሩት ግን የዓርቡ ቡና ከገባ ወዲህ ነው። ተድላ፣ ያን ክምር ከግድግዳው አንሡልኝ። ወደ በሩ በኩል፣ መሬት ላይ ዘርግታችሁ አኑሩት።»

ስድስት ጫኝና አውራጆች ሥራ ገቡ። ማንም ወደ አዳራሹ አልተመለሰም። ክምሩ ከጣሪያው አፋፍ ወደ ታች ሲል ኢያሱ ላፕቶፑ ላይ እንዳጎነበሰ መጥራት ጀመረ። «አምስት ሜትር… አምስት… አራት።» ነጥቡ ወደ ቀኝ እየተመለሰ ነበር። ግማሹ ጆንያ ሲነሣ ቢጫውን መስመር ተሻገረ። የመጨረሻው ጆንያ ከግድግዳው ሲለቅ የምሰሶው ነጥብ ከምሰሶው አንድ ሜትር ያህል ርቆ ቆመ። አሥራ አንዱም የቢታ ነጥቦች አንድ ባንድ ወደ ቀኝ ገብተው ነበር፤ አሥራ አንዱን ጆንያ ግን ማንም በእጁ አልነካቸውም።

ኢያሱ ቀና አለ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ይህን ማለት ግድ ይለኛል። አለቆቹ አዲስ አበባ ናቸው፤ ዝም ብሎ «እናጠናዋለን» ማለት ይችል ነበር።

«የለካሁት ባዶ መጋዘን ውስጥ ነው» አለ ሁሉም እየሰማው። «ቡና ሬዲዮውን ይውጠዋል፤ እርጥብ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ክምሩ የቀኞቹን መቀበያዎች ሲጋርዳቸው ድምፁ ደክሞ ደረሳቸው፤ ሩቅ ነው አሉ። ግራዎቹ ጥርት አድርገው ሰሙት፤ ቅርብ ነው አሉ። ኮምፒውተሩ እነሱን አመነ። እትዬ ትርንጎ ሰኔ ላይ ነግረውኝ ነበር። ሳቅሁባቸው። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

በዚያ ጥልቅ ተሃድሶ ቦንጋ ውስጥ የሰማሁት እውነተኛ ግለ ሂስ ይህ ብቻ ነው።

በማግስቱ ቃለ ጉባኤው ቀረበላት። «የታየው ቴክኒካዊ ክፍተት በተሃድሶው መንፈስ፣ በጋራ ጥረት ተፈትቷል» ይላል። የትርንጎ ስም የለበትም። ወረቀቱን ገፋ አደረገችው።

«ስከሰስ ስሜ ነበር። ስነጻም ስሜ ይጻፍ።»

«ወይዘሮ ትርንጎ፣ ነገር አያብዙ፤ አልፏል እኮ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ።

«በእርስዎ በኩል አልፏል።»

ዘጠኝ ቀን አልፈረመችም። በየጠዋቱ መጋዘኑን ትከፍታለች፣ ድንጋዩን ትመዝናለች፣ ቡና ትቀበላለች፤ ቃለ ጉባኤው ግን እየመጣ ይመለሳል። ዞኑ የተሃድሶውን ሪፖርት አምጡ ይላል፤ ያለ እሷ ፊርማ ሪፖርቱ አይሄድም። ልጆቿ ሳይቀሩ «እማዬ ይብቃሽ» አሏት። አልበቃትም። በዘጠነኛው ቀን ሠላሳ ሁለቱም አዳራሽ ተጠሩና አቶ ሀብተሥላሴ ቆመው፣ በወይዘሮ ትርንጎ ላይ የቀረበው ክስ ሐሰት እንደነበረ፣ ከጫካ ቡናው አንድ ጆንያ እንኳ እንዳልተቀላቀለ በራሳቸው አፍ አነበቡ። ትርንጎ ወረቀቱን ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ከዚያ ፈረመች። ኮፒውንም ጠየቀች።

ኢያሱ ወር ሙሉ ቦንጋ ተቀመጠ። ወለሉን በጠመኔ በየሁለት ሜትሩ ከፋፍሎ፣ ቡና ሞልቶ ሳለ እንደገና ለካው። በእያንዳንዱ ምሰሶ ላይ አንድ አንድ ሴንሰር ታሰረ፤ ምሰሶው የት እንዳለ ስለሚታወቅ አይዋሽም። አዲስ ቡና በገባ ቁጥር ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ምሰሶዎቹን የት ናችሁ ብሎ ይጠይቃል። ሁለት ሜትር ወደ ግራ ሸርተት ካሉበት፣ አጠገባቸው ያሉትን ጆንያዎች ሁለት ሜትር ወደ ቀኝ ይመልሳል። ሙሉ መጋዘን ውስጥ ስህተቱ ወደ አንድ ሜትር ገደማ ወረደ። ይህን ሁሉ ያደረገው ትርንጎ ከአጠገቡ ቆማ እየተቆጣጠረችው ነው፤ ጠመኔው ሲጣመም «አጥፋና ድገም» እያለች። ኢያሱ በኮምፒውተሩ ላይ የምሰሶዎቹን ሴንሰሮች «ምስክር አንድ»፣ «ምስክር ሁለት» እያለ ሰየማቸው።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። በ2009 ሰኔ ሃያ አራት፣ ቡናው ሁሉ ወጥቶ ወለሉ እንደገና ሲያብረቀርቅ፣ አንድ መኪና ግቢ ገባ። ኢያሱ አልነበረበትም፤ ወደ ሌላ ሥራ ተዛውሯል። ከረባት ያሰረ የቡድን መሪና ሁለት ባለሙያዎች አሥር ካርቶን አወረዱ። ለአጠገቡ ሁለተኛ መጋዘን አዲስ መሣሪያ መጥቷል፤ የአንደኛውም ሊለወጥ ነው። ስድስት ቀን አላቸው።

ትርንጎ በሩ ላይ፣ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። ቁልፉ አንገቷ ላይ ነው።

«ይክፈቱልን እናቴ፣ ለክተን እንጨርስ» አለ የቡድን መሪው።

«ባዶ ነው።»

«ይሻላል፤ ለሥራ ይመቻል።»

«ቡና ሲገባ ኑ። ኅዳር ላይ እኔው ራሴ እከፍትላችኋለሁ፤ ጠመኔም አዘጋጅላችኋለሁ።»

«በጀቱ እኮ ሰኔ ሠላሳ ይዘጋል!»

«ይዘጋ።»

የቡድን መሪው ሳቀ፤ ከዚያ ለመነ፤ ከዚያ ተቆጣ። ገንዘቡ ተመላሽ ቢሆን ተጠያቂዋ እሷ እንደሆነች ነገራት። ትርንጎ ከድንጋዩ አልተነሣችም። በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ አቶ ሀብተሥላሴ ጋ ደወለ፤ እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ የመንግሥትን ሥራ እያደናቀፈች መሆኗን አስረዳ፤ ቁልፉን እንዲያስረክቡትም ጠየቀ።

አቶ ሀብተሥላሴ እስኪጨርስ ሰሙት።

«ምን አለችህ?» አሉ።

«ቡና ሲገባ ኑ አለች።»

«እንግዲያው ቡና ሲገባ ኑ» አሉ አቶ ሀብተሥላሴ። «ቁልፉ የወይዘሮ ትርንጎ ነው።»